ባለ ሦስት ሞገዱ የኪስ ሬዲዮ፦ የዕቃው ጉድለትና የሞገዱ ጠባይ

ከአራት ወር በፊት መርካቶ ከሚገኝ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በ3,200 ብር የገዛሁት ሬዲዮ ኤፍ ኤም፣ መካከለኛ ሞገድና አጭር ሞገድ የሚይዝ፣ ጀርባው ላይ ትንሽ የሶላር ሰሌዳ፣ ጎኑ ላይ የእጅ መዘውር፣ አናቱ ላይ ደግሞ የእጅ ባትሪ ያለው ዕቃ ነው። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው ይኸው አንድ ዕቃ በልዩ ልዩ ስም ታትሞበት በየሱቁ ስለሚሸጥ፣ ስሙን ብናገርም ለገዢው ስለማይጠቅመው ነው። ባለሱቁ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዓለምን በሙሉ ይይዛል» ብሎ አጭር ሞገዱን ሲከፍተው ሽሽሽ ከሚል ድምፅ በቀር ምንም ስላልተሰማ አፈር፤ ቶሎ ብሎም «ሌላ ላምጣልዎት» አለኝ። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ነበር፤ ሱቁም ከላይ በቆርቆሮ፣ ከዙሪያው በብረት መደርደሪያ የታጠረ ነበር። ጥፋቱ የሬዲዮው እንዳልሆነ ስለገባኝ ያንኑ አስጠቅልዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳዩን ዕቃ የገዙ ሰዎች የሚያቀርቡትን ቅሬታ ሳዳምጥ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። ቀን ቀን አጭር ሞገድ አይሰማም፣ ማታ መካከለኛው ሞገድ በዓረብኛ ይጥለቀለቃል፣ ድምፁ ይሄዳል ይመጣል፣ ቤት ውስጥ ይንጫጫል እየተባለ በሬዲዮው ላይ የሚደረደረው ክስ አብዛኛው የሞገድ ጠባይ እንጂ የዕቃው ጉድለት አይደለም፤ ዕቃው በእርግጥ የጎደለውን ግን የሚያነሣ ሰው አላጋጠመኝም። ይህን ግምገማ የምጽፈው ሁለቱን ለመለየት ነው።

በሬዲዮ ያደገ ሰው «በአጭር ሞገድ፣ በ31 ሜትር ባንድ» የሚለውን የጣቢያ መክፈቻ በቃሉ ያውቀዋል፤ ሜትሩ ምን እንደሚለካ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። እኔ ራሴ በልጅነቴ ከጣቢያው እስከ ቤታችን ያለው ርቀት ይመስለኝና እንዴት ይህን ያህል ቀረበ እያልሁ እገረም ነበር። የዚህ ሬዲዮ አንደኛው መልካም ነገር ስክሪኑ ድግግሞሹንና የሜትር ባንዱን ጎን ለጎን ማሳየቱ ነው። ቁጥሩ 9,650 ኪሎ ሄርዝ ላይ ሲቆም ከአጠገቡ 31 ይነበባል፤ ይህም ማለት ሞገዱ በአንድ ሰከንድ 9,650,000 ጊዜ እየተርገበገበ በዚያችው ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ጉዞው ለርግብግቢቱ ቁጥር ሲካፈልም ከአንዱ የሞገድ ጫፍ እስከሚቀጥለው ጫፍ ያለው ርዝመት 31 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ትክክለኛው ፍጥነት በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ቢሆንም ለአድማጭ 300,000ን ለኪሎ ሄርዙ ማካፈል ይበቃዋል። በዚህ ስሌት መካከለኛ ሞገድ ላይ 873 ኪሎ ሄርዝ የሚነበብበት ጣቢያ የሞገድ ርዝመቱ 343 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ከነትርፉ ሲሆን፣ ኤፍ ኤም 102.1 ላይ የምናዳምጠው ሸገር ደግሞ ሦስት ሜትር የማይሞላ ሞገድ ነው። ከዚህ በታች ያለው ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከእነዚህ ርዝመቶች ነው።

ከጀርባው ያለው የሶላር ሰሌዳም የሚቀበለው የዚያው ዘር የሆነ ሞገድ ነው። ብርሃንም እንደ ሬዲዮ ሞገድ ኤሌክትሮማግኔታዊ ነው፤ ፍጥነታቸው አንድ ሆኖ ልዩነቱ ርዝመቱ ብቻ ነው። አረንጓዴ ብርሃን ከአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት ሺህ እጅ አንዱን ያህል ይረዝማል፤ ስለዚህ በአንቴናው በኩል የሚገባው የ31 ሜትር ሞገድ በጀርባው በኩል ከሚገባው ብርሃን 60 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። በሁለቱ መካከል የማይክሮዌቭ ምድጃውና የዋይ ፋዩ ሞገድ፣ ከእሳት ዳር ፊታችንን የሚያሞቀው ኢንፍራሬድ ይገኛሉ፤ ከብርሃን ወዲያ ደግሞ አልትራቫዮሌት፣ ኤክስሬይና ጋማ ይከተላሉ። አንድ የኪስ ዕቃ የዚህን መሰላል ታችኛውንና መካከለኛውን እርከን በአንድ ጊዜ መጠቀሙ፣ ለእኔ ከ3,200 ብሩ ግማሹን ያስመልሳል።

ወደ አንቴናው ስንመጣ፣ የሚመዘዘው ዘንግ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ 52 ሴንቲ ሜትር ነው። አንቴና በደንብ የሚሠራው ርዝመቱ ከሞገዱ ሩብ ጋር ሲቀራረብ ስለሆነና የኤፍ ኤም ሞገድ ሩቡ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ለኤፍ ኤም ይህ ዘንግ ትንሽ ቢያጥርም አያሳፍርም። ለ31 ሜትር ባንድ ግን ሩቡ ወደ 8 ሜትር ይጠጋል፤ 52 ሴንቲ ሜትር ለእርሱ ምንም አይደለም። አባቴ በልጅነቴ ከሬዲዮው አንቴና ላይ ሽቦ አስሮ በመስኮት አሳልፎ ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ሲጠመጥም የነበረው ለምን እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔም 8 ሜትር ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ገዝቼ በልብስ መቆንጠጫ ከዘንጉ ጋር አያይዤ ከመስኮቱ እስከ አጥር ስዘረጋው፣ በጭላንጭል ይሰሙ የነበሩ ጣቢያዎች ክፍል ውስጥ እንዳሉ ያህል ቀረቡ። መካከለኛ ሞገድ ላይ ግን ዘንጉን መምዘዝ ከንቱ ድካም ነው፤ በዚህ ሬዲዮ መካከለኛውን ሞገድ የሚቀበለው በሆዱ ውስጥ የተጋደመ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ፌራይት ከሚባል ማግኔት የሚስበው ነገር የተሠራ ዘንግ ነውና። ይህ ዘንግ የሞገዱን ማግኔታዊ ክፍል ስለሚቀበል አቅጣጫ ይለያል፦ ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ ቀስ እያሉ ሲያዞሩት ጣቢያው ይጎላል፣ ይደክማል፣ የዘንጉ ጫፍ ወደ ማሠራጫው ሲያመለክት ደግሞ ሊጠፋ ይደርሳል። መመሪያው ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል እንኳ አለመጻፉ ጉድለት ነው፤ አዙሩት ቢል ስንት ቅሬታ በቀረ ነበር።

የባለሱቁን ቆርቆሮ ነገር ደግሞ ቤቴ ሞክሬዋለሁ። አንቴናውን ሰብስቤ፣ ኤፍ ኤም እንደተከፈተ ሬዲዮውን የብረት ድስት ውስጥ አስገብቼ ክዳኑን ስገጥም ንግግሩ ጠፍቶ በሽሽሽታ ተተካ። የሚገርመው ሽሽሽታው ከድስቱ ውስጥ በደንብ መሰማቱ ነው። ድምፅ አየርን እየገፋ የሚሄድ ሞገድ ስለሆነ ብረቱን ራሱን እያርገበገበ ይወጣል፤ የሬዲዮ ሞገድ ግን በብረቱ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሪክ ያንቀሳቅስና እዚያው ተመልሶ ይቀራል። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት ቤት ውስጥ ሬዲዮ ወደ መስኮት የሚጠጋውም ስለዚሁ ነው። ባለቤቴ ድስቱን ስትፈልግ ያገኘችው ሲያወራ ነው፤ ያን ቀን የተናገረችኝ ግምገማው ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ክስ፣ «ቀን አይሰራም» ወደሚለው ልምጣ። የሬዲዮ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የምድር ክብነት ሊያግደው ይገባ ነበር፤ የሬዲዮ ፈር ቀዳጁ ጣሊያናዊ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1901 አትላንቲክን ያሻገረ ምልክት መቀበሉን ሲያስታውቅ ብዙዎች ያላመኑት ስለዚህ ነው። በዓመቱ ኬኔሊና ሄቪሳይድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ አንዱ ከአንዱ ሳይማከር፣ ከላይ ሞገዱን የሚመልስ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ የአየር ንጣፍ መኖር አለበት አሉ፤ አፕልተን የተባለው እንግሊዛዊ ንጣፉን በ1924 በሙከራ አረጋገጠ፣ በ1947ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ አዮኖስፌር የምንለው ይህ ንጣፍ የሚሠራው ከፀሐይ በሚመጣ አልትራቫዮሌትና ኤክስሬይ ነው፤ እነዚህ አጫጭር ሞገዶች ከአየሩ አተሞች ላይ ኤሌክትሮን እየነቀሉ ይጥላሉ፣ ነጻ የወጡት ኤሌክትሮኖችም ረጃጅሞቹን የሬዲዮ ሞገዶች አጥፈው ወደ ምድር ይመልሷቸዋል።

ነገር ግን ንጣፉ አንድ አይደለም። ከምድር ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ያለው የታችኛው ንጣፍ ሞገድን ከመመለስ ይልቅ ይውጣል፤ ይበልጥ የሚውጠውም ረጅሙን ሞገድ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ንጣፍ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበተናል፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው የላይኛው ግን ሌሊቱንም ይቆያል። ስለዚህ ቀን ሲዋጥ የዋለው መካከለኛ ሞገድ ማታ ወደ ላይኛው ንጣፍ ደርሶ ይነጥርና ከቀይ ባሕር ማዶ ያለ ጣቢያ አዲስ አበባ ላይ ከጎረቤት እኩል ይናገራል፤ «በዓረብኛ ይጥለቀለቃል» የተባለው ይኸው ነው። ለአጭር ሞገድ ደንቡ ቀላል ነው፦ ቀን ወደ 19 እና 25 ሜትር፣ ማታ ወደ 41 እና 49 ሜትር ማዞር። ባለሱቁ በስድስት ሰዓት ጠራራ ፀሐይ የከፈተው 49 ሜትሩን ነበር። ዶይቼ ቬለ እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅም በ1982 የአማርኛ ሥርጭት ሲጀምሩ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ ከ1963 እስከ 1977 ብሥራተ ወንጌል የተባለው ጣቢያ ከአዲስ አበባ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ሲያሠራጭ፣ የሰዓቱና የሜትር ባንዱ ምርጫ በዚህ ደንብ የሚመራ ነበር።

በእኛ ሰማይ ላይ ደግሞ ሌላ ቅመም ይጨመራል። የማግኔት ወገብ የሚባለው፣ የኮምፓስ መርፌ ወደ ታችም ወደ ላይም ሳያዘነብል የሚጋደምበት መስመር፣ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ሥፍራ ነው። በዚህ መስመር አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው ንጣፍ ሽቅብ ይነሣና እንደሚፈላ ሽሮ አረፋ ይጀምረዋል፤ በአረፋዎቹ መካከል የሚያልፍ የአጭር ሞገድ ምልክትም ተሰባብሮ በብዙ መንገድ ስለሚደርስ ይርገፈገፋል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ የዜና አንባቢው ድምፅ በአየር ማራገቢያ ፊት እንደሚናገር ሰው የሚንቀጠቀጥበት ምሽት ያጋጠመው ሰው ሬዲዮውን አይምታው። ቀስ ብሎ መሄድ መምጣቱም በተለያየ መንገድ የመጡ ሁለት ሞገዶች አንዴ ሲደጋገፉ አንዴ ሲጠፋፉ የሚፈጠር ነው።

ቤት ውስጥ ይንጫጫል ለሚለው ምስክሬ የመብራት መጥፋት ነው። አንድ ማታ 41 ሜትር ላይ የንብ ቀፎ የመሰለ ጩኸት ውስጥ አንድ ድምፅ ለመለየት ስታገል መብራት ሄደ፤ በዚያችው ቅጽበት ጩኸቱ እንደተቆረጠ ክር ቀርቶ ጣቢያው ጥርት ብሎ ወጣ። ሲፈጥረው የነበረው የሰፈሩ ሁሉ የኤል ኢ ዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ነበር፤ ርካሽ ቻርጀር ኤሌክትሪኩን በሰከንድ አሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚቀይረው ራሱ ትንሽ ማሠራጫ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ የተደሰትሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው። የሬዲዮው ባትሪ ጥቅሙ የሚገባውም ያኔ ነው።

ክረምት ላይ ደግሞ መካከለኛውን ሞገድ ከፍቶ ነጎድጓድ መጠበቅ ይቻላል። መብረቅ ብልጭ ሲል ሬዲዮው በዚያው ቅጽበት ቀጭ ይላል፣ ነጎድጓዱ ግን ዘግይቶ ይመጣል። የመብረቁ ብርሃንም የሬዲዮ ጩኸቱም እኩል ይደርሳሉ፤ ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሦስት ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ከልጄ ጋር ስንቆጥር ስድስት ላይ ደረሰ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር። ኤፍ ኤም ላይ ይህ ቀጭታ እምብዛም የማይሰማው፣ በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ንግግሩ የሚጫነው በሞገዱ ጉልበት መብዛትና ማነስ ላይ፣ በኤፍ ኤም ግን በድግግሞሹ መለዋወጥ ላይ ስለሆነ ነው፤ መብረቅ ጉልበቱን ቢያናውጥም ድግግሞሹን ብዙ አይነካውም።

ጎረቤቴ እትዬ «ጨረር አለው ይባላል፣ ከራስህ አጠገብ አታድርገው» ብለውኛል። ሬዲዮ የሚቀበል እንጂ የሚያሠራጭ ዕቃ አለመሆኑን፣ የሚቀበለው ሞገድም በአንድ ጊዜ የሚያደርሰው ጉልበት ከብርሃን በሚሊዮኖች ጊዜ ያነሰ ስለሆነ ከሰውነታችን አተም ላይ ኤሌክትሮን መንቀል እንደማይችል አስረዳኋቸው። አልተስማሙም፤ ዜናውን ግን ከእኔ ጋር ያዳምጣሉ።

እንግዲህ የዕቃው የራሱ ጥፋት ይኸውልዎት። አንደኛውና የከፋው፣ ሬዲዮው ከፋብሪካ የመጣው መካከለኛ ሞገድን በ10 ኪሎ ሄርዝ እየዘለለ እንዲፈልግ ተደርጎ ነው። ይህ የአሜሪካ አህጉር ልማድ ነው፤ በአፍሪካ ጣቢያዎች የሚቀመጡት በ9 ኪሎ ሄርዝ ልዩነት ስለሆነ፣ 873 ላይ ያለን ጣቢያ የሚፈልግ ሰው 870 ላይ ወይም 880 ላይ ቆሞ የተጣመመ ድምፅ ይሰማል። ሬዲዮው ተዘግቶ ሳለ አንድ ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ሲጫኑ ወደ 9 ይቀየራል፤ ይህን ያገኘሁት ግን በሦስተኛው ሳምንት በመነካካት ነው።

ሁለተኛው የሶላሩ ነገር ነው። ካርቶኑ ላይ በሦስት ሰዓት ፀሐይ ባትሪው ይሞላል ይላል። ሰሌዳውን በማስመሪያ ለካሁት፤ 10 ሴንቲ ሜትር በ4 ነው። ጠራራ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል ስለሚያወርድ በዚህ ሰሌዳ ላይ የሚያርፈው በጠቅላላ 4 ዋት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ከዚህ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ቢበዛ አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 0.8 ዋት ነው። በባትሪው ላይ የተጻፈው 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 7.4 ዋት ሰዓት ስለሚሆን፣ ምንም ነገር ባይባክን እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። እኔ በረንዳ ላይ ሳውለው ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። ፀሐይ ላይ ሲግል ደግሞ ባትሪውም ፕላስቲኩም አይወዱለትም። መዘውሩ ለጭንቅ ጊዜ ነው፤ ክንድ ያደክማል፣ ጥርሱም ይንገጫገጫል።

ሦስተኛው፣ ያ የተመሰገነው ሽቦ ማታ ላይ ጣጣ ያመጣል። የሬዲዮው መግቢያ ከሩቅም ከቅርብም የሚመጣን ብርቱ ምልክት የሚያጣራበት አቅም ስለሌለው፣ 8 ሜትሩን ሙሉ ሲያያይዙት አንዱ ጣቢያ በሌላው ላይ ተደርቦ ይናገራል። ከሦስት ሜትር በላይ ማታ አላያይዝም። ድምፅ ማጉያውም አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የአንድ መቶ ሄርዝ ድምፅ በአየር ላይ 3.4 ሜትር ይረዝማልና፣ ይህች ትንሽ ክብ ያን ያህል አየር መግፋት አትችልም። መሰንቆው ይሰማል፣ ከበሮው ግን ይቀራል። ለዜናና ለትረካ ይበቃል፤ ለዘፈን የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል፣ የማዳመጫው ቀዳዳ ግን የእኔው ላይ ከአሁኑ ላልቷል።

ዋጋው ወደ 2,500 ብር ቢወርድ ሳልፈራ ግዙት እል ነበር፤ በ3,200 ብር ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ለሚኖር፣ መብራት ቶሎ ቶሎ ለሚጠፋበት ወይም ፊዚክስ ለሚያስተምር ሰው እመክራለሁ፤ ኤፍ ኤም ብቻ ለሚያዳምጥ ግን ስልኩ ይበቃዋል። ባለፈው ሳምንት ለእኅቴ ሁለተኛውን ልገዛ ወደዚያው ሱቅ ስሄድ ባለሱቁን በር ላይ አውጥቼ 19 ሜትሩን አስከፈትሁት፤ አንድ ጣቢያ በማላውቀው ቋንቋ ጮክ ብሎ ገባ። እርሱም መልሶ ሳያስገባው ለሁለት ሌሎች ደንበኞች አሳየ፤ ከእኔ ግን አሥር ብር እንኳ አልቀነሰልኝም።